በከበሮ መቺዎች ግንባር ላይ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ከዓመታት በፊት፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ለንደን ውስጥ ዌምብሊ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ ገና ወረቀት የነበረበት ጊዜ ነው፤ ይህን ለምን እንዳነሳሁት ኋላ ይገባችኋል። የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው የለም። ነገር ግን በቤቴ ውስጥ ለወራት የቆየ ዝምታ የተሰበረው በዚያ ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀሪውን ያገኘሁት ከመጻሕፍት ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ከባለቤቴና ከአንዲት ልጃችን ጋር ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ከአካባቢው አስተዳደር በተከራየነው የካውንስል ቤት እንኖራለን። ልጅ በሥርዓት ማደግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ አቋሜ ሁሉንም ሰው ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልቀየርኩትም።

ልጄ ሶስና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ይለማመድ የነበረ የድራም ኮር ቡድን ውስጥ ገባች። ድራም ኮር ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከበሮና የነሐስ መለከት ብቻ የያዙ ወጣቶች፣ ባንዲራ ከሚያወዛውዙ ጓደኞቻቸው ጋር ሜዳ ላይ በሰልፍ እየተንቀሳቀሱ ይጫወታሉ። ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። አንዲት እግር ከመስመር ከወጣች ይታያል።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ወደ አዳራሹ የሄድኩት ላስወጣት ነበር። ከትምህርቷ ያዘናጋታል ብዬ ሰግቼ ነው። ስደርስ ልጆቹ በውጭ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ ልጅ ጉንጩ ላይ ንብ አርፋበት እጁን አላነሳም፣ ዓይኑንም አላዞረም። ንቧ ራሷ ሰልችቷት ሄደች። የለንደን ልጅ እንደዚያ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር። ሳላስወጣት ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ከልጄ ይልቅ እኔ ባሰብኝ። ኮልፌ ሳድግ የፖሊስ ማርሽ ባንድ ሲለማመድ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር፤ ምናልባት ከዚያ የመጣ ፍቅር ይሆናል። ዳኞች ነጥብ እንዴት እንደሚሰጡ እያነበብኩ ተማርኩ። በየውድድሩ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ተገኘሁ። በሜዳው ዙሪያ ነጭ መስመር አለ፤ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ከዚያ መስመር ማለፍ ለተመልካች ክልክል ነው። ፎቶ ለማንሳት የሚያልፉ ወላጆችን እየተቆጣሁ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። በዚህ ምክንያት እንግሊዞቹ ወላጆች «ኮሎኔል» ይሉኝ ጀመር። ወታደር ሆኜ አላውቅም፤ ስሙን ግን አልጠላሁትም።

ሶስና አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ዓመት ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላቸው። በመስከረም ወር ወደ ዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ይዘናቸው ሄድን።

ሶስና ከቡድኑ ፊት ወጥታ ብቻዋን የምትመታበት ክፍል ሲደርስ ወደ ጎኔ ዞር ብል እትዬ የሺ የሉም። ቀና ስል ነጠላቸውን አጣፍተው ነጩን መስመር አልፈው ሜዳው መሀል ደርሰዋል። ጮኼ ልጠራቸው አልቻልኩም፤ በዚያ ፀጥታ መጮህ ሌላ ጥፋት ነው። አሥር ፓውንድ በምራቃቸው አርጠብ አድርገው፣ በሠርግ ላይ ጥሩ ለጨፈረ ሰው እንደሚደረገው፣ የሶስና ግንባር ላይ ለጠፉት። ከዚያ እልል ብለው ቀስ እያሉ ተመለሱ።

ልጄ ዓይኗን እንኳን አላርገበገበችም። የገንዘብ ኖቱ ቅንድቧ ላይ እየተውለበለበ ክፍሏን እስከ መጨረሻው መታች። በኮር ሕግ ፊትህን ማንቀሳቀስ የለብህም።

ሰው ሜዳ ውስጥ በመግባቱ ቡድኑ ነጥብ ተቀነሰበት። አንደኛ ይወጡ የነበሩት ልጆች ሁለተኛ ወጡ። ለእትዬ የሺ ግን ማንም አልነገራቸውም። በባቡር ስንመለስ እንኳን «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ስትሸለም እንኳን አልሳቀችም» እያሉ ያመሰግኗት ነበር። ሶስና በመስኮት ትመለከት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ያሳደገኝን ሰው በልጄ ፊት አጥፍተዋል ማለት ለእኔ ነውር ነው።

በቀጣዩ ወር አዳራሹ ለሕንጻ ሠሪዎች ተሸጠና ቡድኑ ፈረሰ። ልምምድ የሚደረግበት ሌላ ቦታ አልተገኘም። ይህ ከእትዬ የሺ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሶስናም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን የመጨረሻዋ ውድድር ያቺ ሆና ቀረች።

ሶስና የከበሮ መምቻዎቿን ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀመጠቻቸው። ዩኒቨርሲቲ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ከትምህርት ስትመለስ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። እትዬ የሺ ሲያናግሯት «እሺ» ወይም «አይ» ብቻ ትላለች። ምግቧን ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች። እሳቸው ምን እንደሆነች ሲጠይቁኝ «ፈተና ደርሶባት ነው» እላቸዋለሁ። የመመለሻ ትኬታቸው ለእኛ ገና ማግስት ተቆርጧል። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ተመልሰው ይመጣሉ ማለት አይቻልም። ሁለቱ እንደዚህ ሆነው ቢለያዩ ሶስና ከበሮ በሰማች ቁጥር የምታስታውሰው ያንን ቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር ኮሩ ለራሴም ጎድሎብኝ ነበር። ቅዳሜ መሄጃ አጣሁ። ኮምፒውተር ላይ ስፈልግ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉ የኮር ወዳጆች ውድድሩ የሚካሄድበት በጋቸው ሲያልፍ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንዶች ፊታቸውን እንደሚያዞሩ አነበብኩ። እነዚህ ባንዶች ተማሪዎች ናቸው፤ በእግር ኳሳቸው ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ቁጥራቸው ከኮር ይበልጣል፣ ክላሪኔትና ሳክስፎንም አላቸው። ቪዲዮዎቻቸውን ከፍቼ አየሁ። አልወደድኩም። ትልልቁን መለከት የተሸከሙት ልጆች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ዳኛ የለም። ሶስና በኋላዬ ስታልፍ አየት አድርጋ፣

«አባዬ፣ ያ ኮር አይደለም። ፓርቲ ነው» አለችኝ።

እኔም ያልኩት ያንኑ ነበር።

በፈረንጆች ታኅሣሥ ወር መጨረሻ በዌምብሊ መስመር ስነዳ፣ ከአንድ ሆቴል ፊት ወጣቶች የከበሮና የመለከት ሣጥኖች ከአውቶቡስ ሲያወርዱ አየሁ። በአዲስ ዓመት ቀን ለንደን ውስጥ በሚደረገው ሰልፍ ላይ ለመጫወት ከአሜሪካ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ባንድ ነው። ዋዜማው ደግሞ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሶስናን ባንድ እንይ ብላት እንደማትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ «ለእትዬ የሺ ሻንጣ እንግዛ፣ ዌምብሊ ቅናሽ አለ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ሻንጣው በእርግጥ ያስፈልግ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ሦስታችን ሄድን።

ቡናማ ትልቅ ሻንጣ ገዛን። ከሱቁ ስንወጣ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። ሶስና ቆም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ ሻንጣ ነው ያልከው» አለች።

«ሻንጣውን ገዝተናል» አልኳት።

ድምፁን ተከትለን ስንደርስ የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ በገመድ ተከልሏል። ልጆቹ በቀጭን ካፊያ ውስጥ የሱፍ ኮፍያ አድርገው ተሰልፈዋል፣ ሰልፍ ከተባለ። አንዱ ያወራል፣ አንዷ ስልኳን ታያለች። ከበሮ ካነገቱት መካከል አንድ ወፍራም ልጅ ዶናት በአፉ ይዟል። እትዬ የሺ ሻንጣውን አጋድመው ላዩ ላይ ተቀመጡ።

«አየኸው?» አለች ሶስና በሹክሹክታ። «ሰልፍ ላይ ቆሞ ዶናት ይበላል።»

«እያየሁት ነው።»

«እኛ ጋ ቢሆን ሜዳውን ሲዞር ይውል ነበር።»

«ይገባዋል» አልኳት።

ለወራት ከልጄ ጋር ካወራነው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ከዚያ ጀመሩ። እንደ ኮር አልነበረም፤ መስመሩ ይወላገዳል፣ የፊታቸውም ነገር ልክ የለውም። ነገር ግን ድምፁ ከአስፋልቱ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ደረሰ። ከበሮዎቹ በተለይ ንጹሕ ነበሩ። ዶናቱን የበላው ልጅ እንኳን እጁ አይሳሳትም። ዞር ስል ሶስና በጣቶቿ የሻንጣውን እጀታ እየመታች ነው። ራሷም ያወቀች አልመሰለኝም።

በዚህ ጊዜ እትዬ የሺ ብድግ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ። ገመዱን ከፍ አድርገው ሊያልፉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ይተዉ።»

«ምን ሆንክ? እጄን ልቀቀኝ።»

«እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም።»

«ለሶስና አድርጌላት የለም እንዴ?»

«ለዚያ ነው የምልዎት። ያን ዕለት ልጆቹ ነጥብ ተቀነሰባቸው። አንደኝነቱን ያጡት በዚያ ነው።»

እንዲህ ብዬ ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ። እትዬ የሺ ብሩን በእጃቸው እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ።

«እና እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ?»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

«ልጅቷ እኔን ባየች ቁጥር በሯን ስትዘጋ ፈተና ነው አልከኝ። እኔም ፈተናዋን እንዲያቀናላት ስለት ስሳል ከረምኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጌታቸው፣ አንተ ከልጅነትህ ሥርዓት ስትል ሰው ትረሳለህ።»

ባንዱ ጨርሶ አርፎ ስለነበር ሶስና ሁሉንም ሰምታለች። እትዬ የሺ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሶሲ፣ አላወቅኩም እኮ። ሰው ሁሉ ይይልሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት? በጣም ደስ ብሎዎት ነበር» አለች ሶስና። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ የሺም ብሩን ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ይጠርጉላት ጀመር። እኔ ሻንጣውን ከተጋደመበት አንስቼ ሌላ ቦታ አቆምኩት። የምሠራው ነገር ስላጣሁ ነው።

ዋናው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ሶስና አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ገመዱ ሄደች። ገመዱን አላለፈችም፤ ያስተማሯት እንደዚያ ነው። ከዳር ሆና ከበሮ መቺዎቹን የምትመራውን ረጅም ልጅ ጠራቻት። ልጅቷ ኬሊ ትባላለች። ሶስና በእንግሊዝኛ እንዲህ ስትላት ሰማሁ።

«አክስቴ ከኢትዮጵያ ነች። በእኛ አገር ሰው ጥሩ ከተጫወተ ግንባሩ ላይ ገንዘብ ይለጠፍለታል። እንድታደርገው ትፈቅዱላታላችሁ?»

ኬሊ እትዬ የሺን አየቻቸው። አልሳቀችም። «ቆመን ነው ወይስ እየመታን?» ብላ ጠየቀች።

«እየመታችሁ።»

«እንግዲያው እንመታለን።»

ወደ ጓደኞቿ ዞራ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ ሁሉም ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ገመዱን ያነሳችላቸው ሶስና ነች። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ከበሮውም ተጀመረ። ኬሊ ረጅም ስለሆነች እጇን ሳታቋርጥ ጉልበቷን ሰብራ ዝቅ አለችላቸው። ሌሎቹም እሷን አይተው ግንባራቸውን እያዘነበሉ ተራ ጠበቁ። የእትዬ የሺ ኖቶች ጥቂት ስለነበሩ ወዲያው አለቁ። ምንም አልከበዳቸውም። ከመጀመሪያዋ ላይ ነቅለው ለሚቀጥለው ለጠፉ፣ ከእሱም ነቅለው ለሌላው። ዶናት የበላው ልጅ ጋ ሲደርሱ የአፉን ስኳር በአውራ ጣታቸው ጠረጉለትና ከዚያ ሸለሙት። እሱ ሲስቅ ኖቱ ወድቆ ከበሮው ላይ ይዘል ጀመር። እሱም ኖቱን ሳይነካ ዙሪያውን መታ።

እኔ ይህን ሁሉ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ነው ያየሁት።

ሲጨርሱ ኬሊ ገንዘቡን ሰብስባ ልትመልስ መጣች። እትዬ የሺ እጇን ገፍተው «የተሸለመ ነገር አይመለስም በያት» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ኬሊ ገንዘቡን ለዶናቱ ልጅ ስታስይዝ ወደ ሶስና እጅ ነበር የምታየው፤ ጣቶቿ አሁንም ጭኗ ላይ ይመቱ ነበር።

«ስኔር ከበሮ ትመቺያለሽ?»

«እመታ ነበር» አለች ሶስና። «ኮር ውስጥ።»

ኬሊ ኮር የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እሷም አገሯ ውስጥ ኮር ልትገባ ሞክራ ሁለት ጊዜ ሳይቀበሏት እንደቀሩ ነገረቻት። ወደ ዩኒቨርሲቲው ባንድ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ከመቺዎቹ አንዷ በጉንፋን ሆቴል ተኝታ ከበሮዋ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። አምጥታ ሶስና ትከሻ ላይ አነገተችላት።

ሰልፈኛ ከበሮ መቺዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ማሟሟቂያ አለ፤ በአንድ እጅ ስምንት ይመታል፣ ከዚያ በሌላው ስምንት። ያንን ነው የመቱት። ሶስና በእነዚያ በሚወዛወዙ ልጆች መካከል እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆመች። አገጯ ቀና ብሏል፣ ዓይኗ ሩቅ ነው። እትዬ የሺ ከዶናቱ ልጅ አንዲት ኖት ተበድረው በፊቷ ቆሙ። አልለጠፉም። ጠበቁ።

ሶስና እጇን ሳታቋርጥ ራሷን ዝቅ አደረገች። ሲለጥፉላትም ሳቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከበሮ ስትመታ አይቻታለሁ፤ ስትመታ ጥርሷን ያየሁት በዚያን ቀን ነው። ምቷም አልተዛነፈም።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ እኔ አልነበርኩም፤ ሥራ ነበረኝ፣ እንዲያውም በሰልፉ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ተሳፋሪ ሲያማርርብኝ ዋለ። ሶስናና እትዬ የሺ ሁለቱ ብቻቸውን ሄደው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተመለሱ። ምን እንዳዩ ሲያወሩልኝ እርስ በርስ እየተሻሙ ነበር። ከገና በኋላ እትዬ የሺን ኤርፖርት ስንሸኛቸው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «እኔ በሌለሁበት የምትሸልማት አንተ ነህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለማለት ያህል ነበር።

የሶስና ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆና አንድ ትንሽ የከበሮ ቡድን አቋቋመች። ግማሾቹ ፈጽሞ መትተው አያውቁም ነበር። ልምምዳቸውን ሄጄ አይቻለሁ፤ መስመራቸው ያሳዝናል። ለሶስና ይህን ስነግራት «አውቃለሁ፣ እየተስተካከለ ነው» ትለኛለች። ዛሬም ከሁለቱ ኮር ይበልጣል እላለሁ። ልጄን ቀጥ ብላ እንድትቆም ያደረጋት ኮር ነው። ያ ባንድ ባይኖር ግን መምቻዎቹ ከቁምሳጥኑ አናት አይወርዱም ነበር፤ ይህንንም መካድ አልችልም።

የመመረቂያዋ ዓመት ላይ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ተጫወቱ። በኖራ መስመር አስምረው ነበር። ብዙ ወላጆች ቆመው ያያሉ። ሶስና ብቻዋን የምትመታበት ክፍል ሲደርስ እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ፤ እግሬም መስመሩን አለፈ። በሕይወቴ በሠርግ ላይ እንኳን ሰው ሸልሜ አላውቅም። ፊቷ ስደርስ አሥር ፓውንዱን እንዳየሁት አርጠብ አድርጌ ግንባሯ ላይ ለጠፍኩት።

አልያዘም። ገንዘቡ ፕላስቲክ ሆኗል፣ ይንሸራተታል። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ወረደ። ሰው ሁሉ ያያል። ከዚያ በመዳፌ ግንባሯ ላይ ደግፌ ያዝኩት።

«አባዬ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ገና ብዙ ይቀረኛል።»

«ምቺ፣ ይዤልሻለሁ» አልኳት።

እስክትጨርስ እንደዚያው ቆምኩ። ምቱ ከግንባሯ ወደ መዳፌ ይመጣ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ስቆም አንዳንዴ እጄ ላይ ይሰማኛል።